አመስጋኙ ኮሚቴ

ምስጋና ከባድ ሥራ ነው። ቀላል ቢሆን ኖሮ ማንም ብድግ ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ በተገላገለው ነበር፤ ኮሚቴም ባላስፈለገው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ በወረርሽኙ ጊዜ በግቢው መዋዕለ ሕፃናት ሲሠሩ የነበሩትን መምህራን ለማመስገን በቆረጠ ጊዜ፣ ነገሩን እንደ ተራ ሰው በአፉ አላበላሸውም። አንድ ዐቢይ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴውም ወረርሽኙ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ሰዉ ጭምብሉን ጥሎ፣ በየበሩ ቆሞ የነበረው የእጅ መታጠቢያ ባልዲ አበባ ከተተከለበት በኋላ፣ ሥራውን በአስቸኳይ ጀመረ።

ሰብሳቢ ሆኖ የተመረጠው ሰው ለቦታው የተፈጠረ ነበር። ከዚያ በፊት የመኪና ማቆሚያውን ከግቢው ግራ ወደ ግቢው ቀኝ ያዛወረውን ኮሚቴ መርቷል፤ ቆይቶም ከቀኝ ወደ ግራ የመለሰውን። በወረርሽኙም ጊዜ ቢሆን ከማንም ባልተናነሰ ታግሏል። ያኔ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞቹን ሁሉ «እጅግ አስፈላጊ» ብሎ ሰየመና፣ እጅግ አስፈላጊ ስለሆኑ እንዳይሞቱበት ቤታቸው እንዲቀመጡ አዘዘ። ቤት ተቀምጦ ለመሥራት ደግሞ ልጅ አላስቀምጥ ይላል። ስለዚህ የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህራን እየመጡ ልጆቹን ይዘው እንዲውሉ ተወሰነ። መምህራኑ «እጅግ አስፈላጊ» ከተባሉት ውስጥ ስላልነበሩ፣ በእነሱ በኩል የሚያሰጋ ነገር አልነበረም።

ሰብሳቢውም ጠዋት ጠዋት ሴት ልጁን ሚጣን እስከ አጥሩ ያደርሳታል። ክንዱ የቻለውን ያህል ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ ለመምህርቷ ያቀብላታል። ከዚያ ከኪሱ ሳኒታይዘር ያወጣና መምህርቷን ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ይረጫታል። ራሱን አይረጭም፤ ራሱንማ ያውቀዋል። ቤቱ ተመልሶ ደግሞ ስብሰባውን በኮምፒውተር ይካፈላል። አንድ ቀን ማይክሮፎኑን መዝጋት ረስቶ ማንኮራፋቱ ለተሰብሳቢው ሁሉ ተሰማ። ደፍሮ የሚቀሰቅሰው ሰው ስለጠፋ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ «አባላት ሰፊና ጥልቅ አስተያየት ሰጥተውበታል» ተብሎ ታለፈ።

ያቺ ስትረጭ የከረመችው መምህርት ልጆቹ «ቲቸር ዓይን» የሚሏት ናት። ስሙን ያወጡላት ወድደው አይደለም። እነ ሚጣ ገና ከእናታቸው ጉያ ወጥተው ሲመጡ ከጭምብሉ በላይ ያለውን እንጂ ሌላውን ፊቷን አላዩትም። ጭምብል ማውለቅ የተፈቀደ ዕለት ሙሉ ፊቷን ይዛ ብትገባ ክፍሉ በለቅሶ ተናጠ። «ይቺ ሴትዮ ማናት? ቲቸራችንን ምን አደረገቻት?» እያሉ በር ላይ ተኮለኮሉ። አፍና አፍንጫዋን በመዳፏ ሸፍና «ኧረ እኔ ነኝ!» ስትል ነው ትንፋሻቸው የተመለሰው። ከዚያ በኋላ አገጯን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያሳየች አለማመደቻቸው።

ወደ ኮሚቴው እንመለስ። የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ «ምን ብለን እናመስግናቸው?» የሚል ነበር። «ጀግኖች» የሚል ቀረበ፤ ለመሥሪያ ቤቱ የእግር ኳስ ቡድን ተሰጥቷል ተብሎ ወደቀ። «ከዋክብት» የሚለው ደግሞ የማታ ሥራ ያስመስላል ተባለ። ስብሰባው ሊበተን ሲል የሕዝብ ግንኙነቱ ተነሣ። ይህ ካሜራ አንገቱ ላይ ሳያንጠለጥል ምሳ የማይበላ ወጣት ነው።

«የማይታዩት ጀግኖቻችን!» አለ።

ኮሚቴው ቆሞ አጨበጨበ። ሰብሳቢው እንባ ተናነቀው፤ እንዲህ ያለ ቃል በእሱ ዘመን ይወጣል ብሎ አላሰበም። ስሙ ከጸደቀ በኋላ ሌላው ሁሉ ቀለለ። ባነሩ ተሠራ። ሜዳሊያው ተቀረጸ። የክብር እንግዶች ተጠሩ፤ የክብር እንግዶቹ ምክትሎች፣ የምክትሎቹም ሾፌሮች ተጠሩ። የአዳራሹ ወንበርም ከወዲሁ አለቀ።

«መምህራኑስ የት ሊቀመጡ ነው?» አለች ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሴት።

«የማይታዩ ብለናል እኮ» አለ የሕዝብ ግንኙነቱ። «ፊት ካስቀመጥናቸው ይታያሉ። ከባነሩ ጋር ይጋጭብናል።»

ሰብሳቢው ነገሩን በጥሞና አብላላና፣ ጥቂት ወንበር ተፈልጎ ከኋላ ከምሰሶው ጀርባ እንዲደረደር ወሰነ። በዚህ ዓይነት ባነሩም ተከበረ፣ መምህራኑም ተከበሩ።

ጥሪውን ራሱ ሊያደርስ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ሄደ። ከወረርሽኙ ወዲህ ሚጣን የምታመላልሰው ባለቤቱ ስለሆነች በሩን ካየው ቆይቷል። በሩ ላይ ቲቸር ዓይንን አገኛት። አንዱን ልጅ አዝላ፣ ሌላው ቀሚሷን ይዞ ተንጠልጥሎባት፣ የሦስተኛውን ጫማ ታስራለች። አላወቃትም። ያለ ጭምብል አይቷት አያውቅማ።

«እህቴ» አላት ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የማይታዩት ጀግኖች እዚህ ናቸው?»

«ማን ጠፋ?» ብላ በድንጋጤ ተነሣችና ልጆቹን መቁጠር ጀመረች።

«ኧረ ማንም አልጠፋም! አንቺን ነው የምልሽ። መሥሪያ ቤቱ ሊያመሰግናችሁ ነው። ሐሙስ ጠዋት፣ ትልቁ አዳራሽ።»

«ውይ፣ እግዜር ይስጥልን። ልጆቹን ማን ይይዝልናል?»

«የትኞቹን ልጆች?»

«እነዚህን።»

ሰብሳቢው ወደ ታች ተመለከተ። ከጉልበቱ በታች ይህን ያህል ሕዝብ መኖሩን ያን ጊዜ ነው ያስተዋለው። አንዱ የሱሪውን ኪስ ፈትሾ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ኪስ እየተሻገረ ነበር።

«ይህ ጉዳይ» አለ ሰብሳቢው፣ «በኮሚቴው አልታየም።»

«ቅዳሜ ቢሆንስ?»

«ቅዳሜማ ዕረፍታችን ነው፣ እህቴ! የሰው ዕረፍት ይነካል?»

ኮሚቴው እንደገና ተሰበሰበ። መምህራኑ በሌሉበት ይመስገኑ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ፎቷቸው ወንበሩ ላይ ይቀመጥ የሚልም ነበር፤ ለቀስተኛ ያስመጣብናል ተብሎ ቀረ። ሊያልቅ ሲል ከዋና ኃላፊው ዘንድ ቁርጥ ያለ መልእክት መጣ፦ «ተመስጋኝ በሌለበት ንግግር አላደርግም። ንግግሩ ደግሞ ተጽፎ አልቋል።» የተጻፈ ንግግር ሳይነበብ ቀርቶበት የዳነ ኮሚቴ በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ የለም።

«እኛው ራሳችን እንይዛቸዋለን!» አለ ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መትቶ። «ልጅ መያዝ ምን አለው? ተቀምጦ ማየት ነው!»

ወዲያውኑ ኮሚቴው «ጊዜያዊ የሕፃናት ጥበቃ ግብረ ኃይል» ብሎ ራሱን ሰየመ።

ማታ ለባለቤቱ ነገራት። ሳቋ አላስቆም ቢላት የያዘችውን ድስት መሬት አስቀመጠች።

«አንተ?»

«ምነው?»

«ሚጣን ብቻህን ይዘህ የዋልክበት ቀን አለ?»

«ለምን የለም! ያኔ በወረርሽኙ ከቤት ስሠራ…»

«ያኔ ቲቸር ዓይን ጋ ነበረች።»

«ሌላ ጊዜስ?»

«ሌላ ጊዜ እናቴ ጋ ነበረች።» ሳቋ ቀስ እያለ በረደ። «ትኩሳት የያዛትን ቀን ታስታውሳለህ? እኔና አንተ አጥሩ ማዶ ቆመን ‹ምን ሆነች! ምን ሆነች!› ስንል፣ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሀል ያቀፈቻት እሷ ናት። አምቡላንሱ እስኪመጣ ከደረቷ አላወረደቻትም። ልጅቷ ስትስልባት እንኳ ፊቷን አላዞረችም። አንተ ምን አደረግህ?»

ሰብሳቢው ድስቱን ከመሬት አነሣ።

«ረጨኋት» አለ ቀስ ብሎ።

ሐሙስ ደረሰ። ግብረ ኃይሉ በሙሉ ኃይሉ ይወጣል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከአባላቱ አብዛኞቹን ድንገተኛ የመስክ ሥራ ገጠማቸው። ቃለ ጉባኤ ያዧም ታማ ቀረች፤ እሷ የልጆች እናት ናት፣ ሕመሟን አስቀድማ ታውቀዋለች። የቀሩት ሰብሳቢውና የሕዝብ ግንኙነቱ ብቻ ነበሩ። ሰብሳቢው አዲሱን ሱፍ ልብሱን ለብሶ፣ ነጭ ሸሚዙን ቆልፎ፣ ጫማውን አስጠርጎ መጣ።

ቲቸር ዓይን ከጓደኞቿ ጋር ልትወጣ ስትል መለስ አለች። «ሲጮሁ አይደንግጡ» አለችው። «ዝም ሲሉ ነው የሚያሰጋው።»

«አታስቢ፣ እህቴ። እኛ ትልልቅ ሰዎች ስናስተዳድር የኖርን ነን።»

በሩ ተዘጋ። ሰብሳቢው ምንጣፉ መሀል ቆመና ኮቱን አስተካከለ።

«ክቡራንና ክቡራት ሕፃናት! በዚህ ታሪካዊ ዕለት…»

«ሽንቴ መጣ» አለ ከፊት የተቀመጠ አንድ ክቡር።

«ጥያቄና አስተያየት በመጨረሻ ይስተናገዳል። በዚህ ታሪካዊ ዕለት…»

ጥያቄው መጨረሻውን አልጠበቀም። እዚያው ምንጣፉ ላይ ተስተናገደ። ይህን ያየች አንዲት ልጅ «እማዬን!» ብላ አለቀሰች፤ ጎኗ ያለው ደገፋት፤ ከጎኑ ያለው አጠናከረው። ወዲያው ለቅሶው ያለ ተቃውሞና ያለ ድምፀ ተዓቅቦ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሰብሳቢው «ሥነ ሥርዓት! ሥነ ሥርዓት!» እያለ ጠረጴዛ ሊመታ ፈለገ፤ ጠረጴዛው ግን ከቁርጭምጭሚቱ ብዙም ከፍ ስለማይል እጁ አልደረሰለትም፤ ጎንበስ ሲል ከረባቱ ቀይ ቀለም የተሞላ ሳህን ውስጥ ገባ።

«እንዴት ነው የምናስቆማቸው?» አለ የሕዝብ ግንኙነቱን።

«ፈገግ እንዲሉ ልጠይቃቸው?»

«ካሜራውን ተውና ያዛቸው!»

የሕዝብ ግንኙነቱ ሁለት ልጆች ተከትሎ የላስቲክ መጫወቻ ቤት ውስጥ በመስኮት ጭንቅላቱን አስገባ። ጭንቅላቱ ገባ። አልወጣም። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ለቅሷቸውን ትተው በዙሪያው ተሰበሰቡ። አንደኛዋ ጆሮው ላይ ማበጠሪያ ሰካች። ሌላዋ የላስቲክ ካሮት በአሻንጉሊት ማንኪያ ልታጎርሰው ሞከረች። አንድ ወፍራም ልጅ ደግሞ ሰብሳቢውን ከታች እስከ ላይ መረመረና ጠየቀው፦

«ሆድህ ውስጥ ልጅ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ማን አለ?»

ሰብሳቢው ለጥያቄው ዝርዝር ማብራሪያ በማዘጋጀት ላይ ሳለ፣ ክፍሉ በድንገት ጸጥ አለ። ኮሽታም የለ፣ እንዲያው ጸጥ።

«አየህ!» አለ በኩራት። «ሥርዓት ያዙ።»

ዞር አለ። ወንበር ላይ ሰቅሎት የነበረው አዲሱ ኮቱ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል። ልጆቹ በየአቅጣጫው ተንበርክከው፣ ምላሳቸውን አውጥተው፣ በእርጋታና በፍቅር ቀለም ይቀቡታል። ጀርባው ላይ ፀሐይ ወጥታለች። በእጅጌው ላይ አዞ አለ። በሽንት ርሶበት ያወለቀው አንድ ጫማም አሸዋ ተሞልቶ ኬክ ሆኗል። ሰብሳቢው ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ግን ቲቸር ዓይን ልጆቹን ስትቆጥር ማየቱ ትዝ ብሎት እሱም አንድ በአንድ ቆጠራቸው። አንድ ፊት የለም።

«ሚጣስ?»

ልጆቹ ኮቱን መቀባታቸውን ቀጠሉ።

«ሚጣ የት አለች? ሚጣዬ!»

ከመደርደሪያው ሥር አጎነበሰ። መጸዳጃውን ከፈተ። የመኝታውን ብርድ ልብስ አንድ በአንድ ገለጠ። በሩን ዞር ብሎ ሲያየው ገርበብ ብሏል። በሥራ ዘመኑ ብዙ ነገር ጠፍቶበት ያውቃል፤ ማኅተም፣ ማህደር፣ አንድ ጊዜም ሙሉ ትራክተር። እንዲህ ግን አላንቀጠቀጠውም።

«አንተ፣ ልጆቹን እይልኝ!»

«ጭንቅላቴ አይወጣም፣ አለቃ!»

«በመስኮቱ እያቸው!» ብሎ በአንድ እግሩ ጫማ ግቢውን አቋርጦ ሮጠ።

ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ዋና ኃላፊው እየተናገሩ ነበር። ንግግሩ ከምስጋና አስቸጋሪነት ተነሥቶ ወደ አመስጋኞች ድካም ደርሷል። የክብር እንግዶቹ ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ከምሰሶው ጀርባ ደግሞ መምህራኑ ተቀምጠዋል። የጎልማሳ ወንበር ላይ፣ መደገፊያ ባለው፣ ማንም ቀሚሳቸውን ሳይጎትት። እንዲህ ተቀምጠው አያውቁም። ስለዚህ ሁሉም በአንድነት፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ፣ ተኝተዋል። ዋና ኃላፊው ከሩቅ በምሰሶው ጎን አሻግረው ሲያዩአቸው በትሕትና አንገታቸውን የደፉ መስሏቸው ድምፃቸው ይበልጥ ራራ።

ቲቸር ዓይን ጭን ላይ ሚጣ አለች። ለብቻዋ ግቢውን አቋርጣ፣ በእግረኛና በዘበኛ መሀል አልፋ፣ ቲቸሯን ፈልጋ መጥታ፣ እዚያው ተኮራምታ እንቅልፍ ወስዷታል። የመምህርቷ ክንድ ተኝታም ቢሆን ልጅቷን ዙሪያዋን ይዟታል።

ሰብሳቢው ይህን ከማየቱ በፊት ግን ጮኾ ነበር።

«ልጄ! ልጄ ጠፋች! ልጆቹን ድረሱልኝ!»

«ልጆቹን» የምትለው ቃል ከጆሯቸው ስትገባ መምህራኑ እንደ አንድ ሰው ብድግ አሉ። ከፊት ያሉት እንግዶች መምህራኑ ሲነሡ ሰምተው ንግግሩ ያለቀ መሰላቸውና እነሱም ተነሥተው አጨበጨቡ። ዋና ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ ክብር» አሉ በተሰበረ ድምፅ፣ «ለእኔ ይበዛል።»

እጃቸውን ዘርግተው ሲጠብቁ መምህራኑ በበሩ ወጥተው ሮጠዋል።

ክፍሉ የተረጋጋው ቲቸር ዓይን ሚጣን እንደታቀፈች ገብታ አንዲት ዜማ ስትጀምር ነው። እንዴት እንደሆነ ሰብሳቢው አልገባውም፤ ብቻ አለቀ። ምንጣፉ ተነሣ፣ ፊት ተጠረገ፣ የሕዝብ ግንኙነቱ ጭንቅላት ሳሙና ተቀባ። ሰብሳቢው አንዲት ሚጢጢ ወንበር አግኝቶ ጉልበቱን ከጆሮው እኩል አድርጎ ተቀመጠ። ፊቱ በቀለምና በእንባ ተለውሷል። ቲቸር ዓይን እርጥብ ፎጣዋን ይዛ ተራ በተራ ስትጠርግ መጣችና ሳታስተውል የእሱንም አገጭ ያዘች።

«እፍ በል» አለችው ፎጣውን አፍንጫው ላይ አድርጋ።

እፍ አለ።

«ጎበዝ!… ውይ በሞትኩት! ይቅርታ ጌታዬ፣ ለምዶብኝ ነው!»

ያን ጊዜ አጠገባቸው አንድ ልጅ አስነጠሰ፤ ሰሞኑን በክፍሉ ጉንፋን ገብቷል። ቲቸር ዓይን ከኪሷ ጭምብል አወጣችና አደረገች። ሰብሳቢው ቀና ብሎ አያት። ዓይኗን አያት።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለ። ያቺ «እርስዎ» ሳያስባት ነው የወጣችው።

«የቱ?»

«ያኔ… አጥሩ ጋ… ሚጣን ትኩሳት የያዛት ቀን…»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።» ትንሽ አየችውና ከጭምብሉ ሥር ሳቀች። «የሚረጩት ሰውዬ እርስዎ ነበሩ? ውይ፣ ዓይኔን እኮ ነበር ሲለበልበኝ የሚውለው!»

ቂም የለባትም፤ እንደ ቀልድ ነው የምታወራው። ሰብሳቢው ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ተነቃነቀ። ሞቅ ያለ፣ ትንሽም የሚያም ነገር ነበር፤ በየትኛውም አጀንዳ ያልተያዘ። አንድ ቃል ከሆዱ ተነሥቶ በጉሮሮው ወጥቶ ጥርሱ ላይ ደረሰ።

«አመ…»

«አለቃ! እዚህ ጋ ይዩልኝ!» የሕዝብ ግንኙነቱ፣ ጆሮው ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለበት፣ ካሜራውን ደግኖ ቆሟል። ሰብሳቢው አፉን ዘጋ። ሚጣን ከመምህርቷ እቅፍ ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ከረባቱን አጠበቀ፤ በድካም ፈገግ አለ። ቲቸር ዓይን ከፎቶው እንዳትገባ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ቃሉም ተመልሶ ወረደ።

ፎቶው በመሥሪያ ቤቱ ገጽ በወጣ ጊዜ ሕዝቡ ልቡ ተነካ። ቀለም የተረጨ ፊት፣ የተቦጨቀ ሸሚዝ፣ አንድ ጫማ፣ ጭን ላይ ሕፃን። ዋና ኃላፊው የግምገማ ስብሰባ ጠሩ። ቁርስ በልቶ ሄዶ ለምሳ ሳይደርስ ይህን ያህል የተጎዳ ባልደረባ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። ሜዳሊያው ተቀርጾ ተቀምጧል፤ ተሸላሚዎቹ ደግሞ መድረክ ጥለው ወጥተዋል። ስለዚህ ሜዳሊያው ለሰብሳቢውና ለሕዝብ ግንኙነቱ፣ እንዲሁም በመስክ ሥራ ምክንያት በቦታው ባይገኙም በመንፈስ አብረው ለነበሩት የግብረ ኃይሉ አባላት እንዲሰጥ ተወሰነ። የሁለተኛው ሥነ ሥርዓት አዘገጃጀት እንከን አልነበረውም። መምህራኑ ስላልተጠሩ ልጆቹን ማን ይያዝ የሚል ጣጣ አልተነሣም።

ሰብሳቢው ሜዳሊያው ሲጠለቅለት አለቀሰ። ዋና ኃላፊውም በመዝጊያ ንግግራቸው መሥሪያ ቤቱ ከዚህ ሁሉ የቀሰመውን ትምህርት አስታወቁ። ሕፃናትን መያዝ ከባድ፣ ውስብስብና ለሕይወት የሚያሰጋ ሥራ መሆኑ በግብረ ኃይሉ መሥዋዕትነት ተረጋግጧል። እንዲህ ያለ ሥራ ከእንግዲህ ሥልጠና ለሌላቸው ሰዎች ሊተው አይገባም። ጭብጨባው ረጅም ነበር።

በማግስቱ ሰብሳቢው ሜዳሊያውን እንዳጠለቀ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ብቅ አለ። ቲቸር ዓይን በር ላይ የአንዷን ልጅ አፍንጫ ትጠርጋለች።

«እንኳን ደስ አለሽ» አላት። ያቺ «እርስዎ» የዚያን ዕለት ብቻ ነበረች።

«ምነው፣ ምን ተገኘ?»

«ተፈቀደላችሁ። ሥልጠና! ‹በአስቸጋሪ ጊዜ የሕፃናት አያያዝ›፤ በዘርፉ የተግባር ልምድ ባካበተ ባለሙያ የሚሰጥ።»

ቲቸር ዓይን ከልቧ ደስ አላት። «ጥሩ ነዋ» አለች። «መማርን ማን ይጠላል። ባለሙያው ከየት ነው የሚመጣው?»

ሰብሳቢው ሜዳሊያውን በአውራ ጣቱ ጠረገና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«መጥቷል» አለ።